ስህተቱ የሚሠራው እዚሁ ድሬ ላይ ነው

ሰኔ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር ቤቴ መጣች። ፈረንሳይ አገር ኒስ ላይ የአራት ሳምንት የፈረንሳይኛ ኮርስ አግኝታለች። የመቀበያ ደብዳቤዋን በፕላስቲክ አስለብጣ ይዛለች። እናትየዋ ቡናውን እንኳን ሳትቀምስ "ሻንጣ ስንት ኪሎ ነው የሚፈቀደው?" አለችኝ። ኮርሱ መቼ ይጀምራል ብዬ ጠየቅኩ። "ሐምሌ 1።" ቪዛውስ? "እሱን አሁን ልንጀምር ነው።"

33 ቀን ነው የቀራት። አይደርስም።

ከድሬም ከሐረርም ለክረምት ኮርስ ወደ ሜዲትራኒያን ዳርቻ የሚሄዱ ልጆችን ማዘጋጀት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። እኔም በተማሪነቴ አንድ ክረምት እዚያው አሳልፌያለሁ። ልጆቹ ኒስ ወይ ማርሴይ ሄደው ዋጋ የሚከፍሉበት ስህተት አብዛኛው የተሠራው እዚህ፣ ከዚራ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ነው። ስለዚህ ከቪዛው ልጀምር፣ ምክንያቱም በየዓመቱ የማለቅሰው በሱ ነው።

ፈረንሳይ የሚያስገባው የሸንገን ቪዛ ነው። "በ15 ቀን ያልቃል" የሚሏችሁን አትስሙ። ለብዙ አገር ሰው እውነት ነው፣ ለእኛ ግን አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016፣ በእነሱ አቆጣጠር 2024 ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን መደበኛውን ጊዜ 45 ቀን አድርጎታል። በዚያው ውሳኔ ቪዛው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ሆኗል። ከማርሴይ በመርከብ ቱኒዝን አይቼ ልመለስ ያለ ልጅ መመለሻ የለውም ማለት ነው። አሻራ ደግሞ በውክልና አይሰጥም። ራሳችሁ አዲስ አበባ መውጣት አለባችሁ፣ ቀጠሮውም በፈለጋችሁት ቀን አይገኝም፣ አንድ ወረቀት ቢጎድል ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ተመልሳችሁ አምጥታችሁ እንደገና ቀጠሮ ነው። ይኼ ሁሉ እያለ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ይቀበላሉ። ስድስት ወር! የሐምሌ ኮርስ ያለው ልጅ ጥር ላይ ማስገባት ይችላል። ሰኔ ድረስ ምን እንደሚጠበቅ አውቃለሁ። አሜሪካ ያለው አጎት "እስቲ አያለሁ" ብሏል፣ እሱ ይጠበቃል። ፈተና ይለፍ ይባላል። ፋሲካ ይለፍ ይባላል። ከዚያ ግንቦት አልቆ ሰው በሬን ያንኳኳል። እባካችሁ፣ አጎት እስኪወስን ፓስፖርቱን አሳድሱ፣ ደብዳቤውን አስመጡ፣ ቀጠሮውን ያዙ። አጎት እምቢ ካለ የሚከስረው ትንሽ ነገር ነው። እሺ ካለና እናንተ ካልተዘጋጃችሁ ግን ዓመቱ በሙሉ ሄደ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። የአዋቂ የቪዛ ክፍያ 90 ዩሮ ነው፣ ለትምህርት ወይም ለሥልጠና የሚሄድ ተማሪ ግን በሕጋቸው ከዚህ ክፍያ ነፃ ነው። ማመልከቻውን የሚቀበለው ማዕከል የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል፣ እሱ ሌላ ነው። ተማሪ መሆናችሁን የሚያሳይ ወረቀት ይዛችሁ ጠይቁ። ጠይቁ ስል አትፈሩ ማለቴ ነው።

የባንክ ደብተር ላይ ቀጠሮው ሳምንት ሲቀረው ድንገት ትልቅ ገንዘብ ማስገባት አያዋጣም። የተበደራችሁት መሆኑ ያስታውቃል። የአባት ደሞዝ በየወሩ የሚገባበት ትንሽ ሒሳብ ከዚያ ይሻላል፣ ወጪያችሁን የሚችለው ማን እንደሆነ በግልጽ ከተጻፈ። ማርሴይ አክስት ያላችሁ ደግሞ "እሷ ጋ ነው የማርፈው" ማለት ብቻ አይበቃም። የማረፊያ ማረጋገጫውን አክስት ናት ከሰፈሯ ማዘጋጃ ቤት አውጥታ የምትልከው፣ ለሱም ጊዜ ይፈጃል። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን።

"እዚያ ከደረስኩ በኋላ ወደ ረጅም ቪዛ አስቀይራለሁ" የሚል ልጅ ካለ አሁኑኑ ይተወው። የአጭር ጊዜ ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው። ረጅም ትምህርት የፈለገ ከዚህ ነው ረጅሙን ጠይቆ የሚሄደው።

የደረጃ መለያ ፈተናውን ጎበዝ ጓደኛ እንዲሠራላችሁ ማድረግ ሌላው ነው። ኮርሱ ከመጀመሩ በፊት በኢንተርኔት የሚላክ ፈተና አለ፣ ከጀማሪው ኤ1 ተነስቶ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2 እያለ ይለያችኋል። አንዱ የሳቢያን ልጅ ፈተናውን ለእህቱ ሰጥቷት ቢ2 ገባ። እሱ ግን ገና ኤ2 ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ከክፍል ኋላ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቶ አሳለፈ፣ አፍሮ መቀየርም አልጠየቀም። የደወለልኝ በስምንተኛው ቀን ነው፣ ድምፁን ሳልረሳው እኖራለሁ። ከአራት ሳምንት አንዱ እንዲህ ሄደ።

አሁን ወደ ሻንጣው። እናቶች፣ እወዳችኋለሁ፣ ግን ቅቤና ቋንጣ አታስይዙ። ሥጋና የወተት ውጤት ከእኛ አገር ይዞ መግባት በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተከለከለ ነው። በቅቤ የተለወሰ ጭኮም ያው ነው። ማንጎና ጊሽጣም ያለ ጤና ማረጋገጫ ወረቀት አያልፍም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተቆላ የሐረር ቡና፣ ይኼ ይበቃል። ማር እስከ ሁለት ኪሎ ይፈቀዳል። አስተናጋጁ ቤተሰብ ቡናውን ሲያገኝ ምን ያህል እንደሚደሰት ብታዩ ሌላውን ሁሉ ትተዉት ነበር። ወፍራም ሹራብም አውጡ። እኛ ክረምት ስንል እነሱ ጋ በጋ ነው፣ ሐምሌ ላይ ኒስ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል።

ጫት ግን። አቦ፣ ጫት! ስንት ጊዜ ልናገር? እዚህ ከአወዳይ በጠዋት መጥቶ በየበሩ የሚሸጥ ነገር ስለሆነ ልጆቹ ወንጀል ነው ሲባሉ አያምኑም። ፈረንሳይ ውስጥ ጫት በሕግ አደንዛዥ ዕፅ ነው። ጣሊያንም እንዲሁ። የደረቀውም፣ የተፈጨውም። እኔን የሚያስፈራኝ ለራሱ የሚይዘው ልጅ ሳይሆን አደራ የሚቀበለው ነው። በጉዞው ዋዜማ አንድ የሩቅ ዘመድ ይመጣል፣ "ለወንድሜ ሻይ ቅጠል ናት፣ ሂና ናት፣ እዚያ ድረስ ተቀብሎህ ይወስዳታል" ይላል። በእኛ ባህል አደራ እምቢ ማለት ነውር ነው። አንድ የማውቀው ልጅ እንዲህ ያለች የታሸገች ፌስታል ተቀብሎ ሄዶ ኤርፖርት ላይ ሲፈተሽ ሌሊቱን በጥያቄ አደረ። አደራ ሰጪው ስልኩን ዘጋ። ልጁ 19 ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕግ አውጥቻለሁ። እኔ ጋ የሚዘጋጅ ልጅ ሻንጣውን ራሱ ይሸክፋል፣ የሰው ዕቃ አንድ ግራም አይጨምርም፣ ዘመድ ከተቀየመ እኔን ይቀየም።

ቀጥሎ ባሕሩ። እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

እኛ ድሬዎች ውኃ የምናውቀው በደቻቱ ወንዝ ነው። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ከዚያ አንድ ሌሊት ከላይ ከተራራው መጥቶ ይወስዳል። የ1998ን ጎርፍ የማይረሳ ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ ጎርፍን እንፈራለን፣ ፀጥ ያለ ውኃ ግን አንፈራም። የኒስ ባሕር ደግሞ ጠዋት ላይ ፀጥ ያለ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ ጠርዙ ላይ ሕፃናት ይጫወታሉ። ዳርቻው ግን አሸዋ ሳይሆን ድቡልቡል ጠጠር ነው፣ ከጥቂት እርምጃ በኋላም መሬቱ ድንገት ይወርዳል። አንድ ዓመት አብሬያቸው ከሄድኳቸው ልጆች አንዱ ስልኩን ወደ ላይ ይዞ ራሱን እየቀረፀ ገባ። ውኃው ጉልበቱ ላይ ነበር። ጠጠሩ ከእግሩ ሥር ተንሸራተተና ቀጥሎ ያየሁት ስልኩን የያዘውን እጁን ብቻ ነው። ነፍስ አድን ሠራተኛው ጎትቶ አወጣው። ልጁ ተርፏል፣ ዛሬ ድሬ ነው ያለው፣ ልጅ ወልዷል። እኔ ግን ያቺን እጅ ዛሬም አያታለሁ።

ዋና የማትችሉ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ወር ገንዳ ፈልጋችሁ ተማሩ። ካልሆነ ከጉልበት በላይ አትግቡ። ባንዲራውን እዩ። ቀለሞቹ የራሳችን ናቸው፣ አረንጓዴ ጠባቂ አለ አደጋ የለም ማለት ነው፣ ቢጫ ተጠንቀቁ፣ ቀይ መግባት ክልክል። ባንዲራ ከሌለ ጠባቂም የለም። የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው፣ በሁሉም የአውሮፓ ኅብረት አገር ይሠራል። ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

ይኼ ደግሞ የድሬ ልጆች ብቻ ችግር ነው። ድሬ አንቱታ የለም። ሽማግሌውንም፣ የባንክ ሥራ አስኪያጁንም አንተ ነው የምንለው፣ የሚቀየምም የለም። ውበታችን ነው፣ እኔ አልለውጠውም። ፈረንሳይኛ ግን እንደ አንተና አንቱ "ቱ" እና "ቩ" አለው፣ የማታውቁትን ትልቅ ሰው ከመጀመሪያው ቀን "ቱ" ስትሉ ድፍረት ነው የሚመስለው። አንዷ ልጅ ያረፈችባትን አሮጊት ሳምንት ሙሉ "ቱ" ስትል ቆይታ "ሴትየዋ ጠላችኝ" ብላ ጻፈችልኝ። "ቩ" በያት አልኳት። በሦስተኛው ቀን አሮጊቷ ራሷ "ቱ በይኝ" አለቻት። ሱቅም ስትገቡ ምንም ከመጠየቃችሁ በፊት "ቦንዡር" በሉ። ሰላምታ አገራችን ስለሆነ ይኼ አይከብዳችሁም።

ሙቀቱን እንችለዋለን ብላችሁ አትዘናጉ፣ የባሕር ዳር ወበቅ እንደ ድሬ ደረቅ ሙቀት አይደለም። ፀሐይ ሐምሌ ላይ የምትጠልቀው በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው፣ ምሽት መስሏችሁ ሳይሆን ሰዓት አይታችሁ ቤት ግቡ። የባቡር ሰዓት በ24 ነው የሚጻፈው። የቧንቧ ውኃው ይጠጣል፣ በየቀኑ ጠርሙስ አትግዙ።

የነሐሴ ኮርስ የምትወስዱ ጿሚዎች፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 እዚያ ያገኛችኋል። ለአስተናጋጆቻችሁ "ቬጀታርያን ነኝ" ካላችሁ እንቁላልና አይብ ነው የሚቀርብላችሁ። ቃሉ "ቬጀታልያን" ነው፣ ከመሄዳችሁ በፊት በጽሑፍ ላኩላቸው። ኒስ ላይ "ሶካ" የሚባል አለ፣ የሽምብራ ዱቄት፣ ውኃ፣ የወይራ ዘይትና ጨው፣ ምድጃ ውስጥ የሚጋገር። በሽሮ ያደገ ልጅ በሱ አይራብም። ሐላል የሚፈልግ ማርሴይ ላይ አይቸገርም፣ ኖዋይ ሰፈር ገበያው የሰሜን አፍሪካ ሰዎች ሱቅ ሞልቶበታል፣ ሽታው ራሱ የእኛን መጋላ ገበያ ያስታውሳል።

ስለ አገራችሁ የምትሉት ነገር ይዛችሁ ሂዱ። አንድ የጀጎል ልጅ መምህሩ ስለ ራምቦ ጠየቀችው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ በእነሱ አቆጣጠር በ1880 ሐረር ገብቶ በንግድ የኖረ፣ በ1891 ደግሞ እዚያው ማርሴይ ሆስፒታል የሞተ ሰው ነው። ልጁ በራምቦ ቤት በር በየቀኑ አልፏል፣ ገብቶ ግን አያውቅም። ዝም አለ። መላው ክፍል ሊሰማው ዞሮ ነበር።

የራሴም ስህተት ዝምታ ነው። እኔ በሄድኩበት ክረምት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከሁለት ሐበሾች ጋር በአማርኛ ጨረስኳቸው። እንዳልሳሳት ፈርቼ ነበር። አፌ የተፈታው ከአንዲት ዓሣ ሻጭ ጋር ነው፣ የዓሣውን ስም ተሳስቼ ጠርቼ ስታርመኝ፣ እሷ ደግሞ "ድሬዳዋ" ማለት አቅቷት ሳርማት። ከዚያ በየጠዋቱ እሷ ጋ እሄድ ነበር። የቀረኝ ግን 12 ቀን ብቻ ነበር።

ግንቦት መጨረሻ ላይ የመጣችው ልጅ ኮርሷን ወደ ነሐሴ እንዲያዛውሩላት ጽፈን እሺ ብለዋታል። እሑድ አዲስ አበባ ትወጣለች። ትናንት ማታ ፋይሏን ከእናቷ ጋር ለሦስተኛ ጊዜ ዘረጋነው። ፓስፖርቱ ላይ የአያቷ ስም በሁለት ኤም ነው የተጻፈው፣ ያ በፕላስቲክ የተለበጠ ደብዳቤ ላይ በአንድ። ልጅቷ እዚያው ቁጭ ብላ ለትምህርት ቤቱ በራሷ ፈረንሳይኛ ጻፈች፣ "ቩ" እያለች። መልሱን እየጠበቅን ነው።