ለገጠር ጤና ጥናት ገንዘብ ስትጠይቁ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ፕሮፖዛል የሚሰናከልባቸው ቦታዎች

ገምጋሚ ፕሮፖዛላችሁን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ «ገጠር ያላችሁት የቱን ነው?» የሚል ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ይህ ጥያቄ ያስቸግራል። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲቋቋም ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ ለገዳዲ አብረው ተጠቃለሉ፤ ትናንት ጤፍ ይታረስበት የነበረ ቀበሌ ዛሬ በወረቀት ከተማ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ የ1999 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ የአስተዳደር ስያሜውን ተዉትና የእግር መንገዱን ለኩ። በጋውንና ክረምቱን ለየብቻ መዝግቡ፤ ማታ የአዲስ አበባን መብራት ከደጁ የሚያይ ሰው ሐምሌ ላይ ወንዝ ሞልቶበት ሁለት ሰዓት ሊዞር ይችላል። «ጤና ጣቢያው ስንት ደቂቃ ያስኬዳል?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ፤ መልሱ «ቅርብ ነው» ይሆናል። «መጨረሻ የሄዱ ዕለት ስንት ሰዓት ከቤት ወጡ? ስንት ሰዓት ደረሱ?» በሉና ልዩነቱን ራሳችሁ አስሉት። ከ30 ደቂቃ በታች፣ ከ30 እስከ 60፣ ከ60 በላይ ብሎ መክፈል ለትንተናው ይበቃል።

ቀጥሎ በከተማና በገጠር መካከል የጤና አገልግሎት ልዩነት መኖሩን አሳዩ። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱ እናቶች በከተማ 79 በመቶ፣ በገጠር 20 በመቶ ነበሩ። ለመግቢያ ጥሩ ነው፤ ስለ እናንተ ወረዳ ግን ምንም አይናገርም። የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ጨምሩ፣ ጉድለቱንም ሳትደብቁ ጻፉ፦ ቤቷ የወለደች እናት በጤና ጣቢያው መዝገብ የለችም፣ አዲስ አበባ ሄዳ የወለደችውም የምትቆጠረው እዚያው በወለደችበት ነው። የከተማ ዳር ጥናት ቤት ለቤት መሄድ ያለበት ለዚህ ነው። ገንዘቡን የምትጠይቁበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ናሙናው። 384 የምትባለዋን ቁጥር ከሌላ ሰው ፕሮፖዛል መገልበጥ የተለመደ በሽታ ነው። ያቺ ቁጥር አንድን ምጣኔ በ5 በመቶ የስህተት ወሰን ለመገመት ትሆናለች፤ ሁለት ቡድን ለማወዳደር አትሆንም። ቅርብ ያሉት 50 በመቶ፣ ሩቅ ያሉት 35 በመቶ አገልግሎቱን ያገኛሉ ብላችሁ ከገመታችሁ ስሌቱ (1.96 + 0.84)² × (0.5×0.5 + 0.35×0.65) ÷ 0.15² ነው (1.96 የ95 በመቶ እርግጠኝነት፣ 0.84 ልዩነቱ ካለ በ80 በመቶ ዕድል የማግኘት አቅም መለኪያ ነው)፤ ውጤቱ በየቡድኑ 167። ናሙናው በጎጥ ተመድቦ ስለሚወሰድ፣ የአንድ ጎጥ ሰዎችም ስለሚመሳሰሉ፣ በ2 አባዙት፣ 334 ይሆናል። መልስ የማይሰጥ 10 በመቶ ሲታሰብ በ0.9 አካፍሉት፣ 372፤ ለሁለቱ 744። የጠበቃችሁት ልዩነት 15 ሳይሆን 10 ነጥብ ከሆነ በዚሁ መንገድ ድምሩ 1,712 ይደርሳል። በጀቱን የሚወስነው ይህ ግምት ነው፤ ከየት እንዳመጣችሁት በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱ።

የቤቶቹን ዝርዝር ከጤና ኬላው የቤተሰብ ፎልደር (ለየቤተሰቡ ከሚያዘው ማኅደር) ውሰዱ፤ ተከራይና የቀን ሠራተኛ ግን ብዙ ጊዜ እዚያ ስለማይገኝ ዝርዝሩን ይዞ ጎጡን ለመዞር ሦስት ቀን በጀት ያዙ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች መንገድ ያሳዩ እንጂ አይጠይቁ። የራሳቸውን ሥራ ነው የምትመዝኑት፤ የቤቱ እመቤትም ፊታቸው «አልመጡም» ለማለት ታፍራለች።

ለ744 ቤት 8 መረጃ ሰብሳቢ እያንዳንዳቸው በቀን 6 ቤት ቢሠሩ 15 ቀን ተኩል ይፈጃል። ተዘግቶ ለተገኘ ቤት ተመላልሶ መሄጃ ጨምራችሁ 18 ቀን በሉት፤ ሥልጠናውና ሙከራው 3 ቀን ነው። ከ2 ተቆጣጣሪ ጋር 210 የአበል ቀን መሆኑ ነው። ሙከራውን ከናሙናው ውጭ በሆነ ቀበሌ 37 ሰው ላይ አድርጉ። መጠይቁ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይዘጋጅ፣ ትርጉሙን ለማመሳከር ወደ መጀመሪያው ቋንቋ መልሶ የሚተረጉመውም ሌላ ሰው ይሁን።

የፈቃድ ደብዳቤ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ሸገር በኦሮሚያ ሥር ስለሆነ የአዲስ አበባ ጤና ቢሮ ደብዳቤ እዚያ አያስገባም። ከተቋማችሁ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ወደ ኦሮሚያ ጤና ቢሮ፣ ከዚያ ወደ ከተማው፣ ወረዳውና ቀበሌው ውረዱ፤ ሰኔ ላይ ግን በጀት መዝጊያ ነውና አትጀምሩት። ለመስክ ከጥር እስከ መጋቢት ይሻላል። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፣ ቀን ቤት የሚገኘው ልጅ ብቻ ነው።

ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በጀቱ ላይ የተጠቀማችሁበትን የዶላር ዋጋ ከነቀኑ መጻፍ ግድ ሆኗል። የሞተር ሳይክል ነጂ ደረሰኝ የለውም፤ የተፈረመ የክፍያ ቅጽና የመታወቂያ ቅጂ ይበቃ እንደሆነ ከፋይናንስ ክፍሉ ጋር ከመስክ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ። አንድ መስመር ደግሞ ለድንገተኛ ሕመምተኛ ማመላለሻ ያዙ። 744 ቤት ሲዞር ትኩሳት ያደከመው ሕፃን ወይም ደም የሚፈሳት ነፍሰ ጡር ሊገጥማችሁ ይችላል፤ ያን ጊዜ መኪናው የጥናቱ ነው ማለት አይቻልም።