የድሮ የእንግሊዝ ሰዓት እንዴት ይታያል? (ከማስወልወላችሁ በፊት አንብቡት)

አጎቴ ድሮ እንግሊዝ ተምሮ ሲመለስ እጁ ላይ አስሮት የመጣ ስሚዝስ ሰዓት ነበረው። እኔ ጋ ሲደርስ ክዳኑ ላይ አብረውት የተማሩት ልጆች ስም ተቀርጾበት ነበር። አዎ፣ ነበር። መሃል ከተማ አንድ ሱቅ "ትንሽ አጽዱልኝ" ብዬ ሰጠሁት፣ በማግስቱ እንደ መስታወት እያብለጨለጨ መለሱልኝ፣ ስሞቹም አብረው ተወልውለው ጠፍተዋል። የቀፎው ጠርዝ ሁሉ ተልጦ ያለቀ ሳሙና መስሏል። ሰውየው ደግሞ ኮራ ብሎ ነው የሰጠኝ!

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር፦ ከቤተሰብም ይምጣ ከገበያ፣ የድሮ ሰዓት እጃችሁ ሲገባ ምን እንደያዛችሁ ሳታውቁ ማንም እንዳይወለውለው። ገጹንም "እንደ አዲስ" እንዳያስቀቡት። ጭረት ይቅር ይባላል፣ የተፋቀ ብረት ግን አይመለስም።

ከዚያ ምንነቱን ለዩ። ስሚዝስ የሚል ሁሉ አንድ አይደለም። ጥሩዎቹ ቸልትናም ከተማ የተሠሩት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ኤቨረስት ከወጣው የእንግሊዝ ቡድን ጋር የሄደው ስሚዝስ ደ ሉክስም የዚያ ፋብሪካ ልጅ ነው። በዚያው ስም ዌልስ ውስጥ የተሠሩ ርካሾችም አሉ። ክዳኑ ሲከፈት 15 ወይም 17 ድንጋይ (jewels) የሚል ጽሑፍና የሩቢ ቀይ ነጠብጣቦች ካያችሁ ደስ ይበላችሁ። ድንጋዮቹ ለጌጥ አይደሉም፤ ቀጫጭኖቹ ዘንጎች ብረት በብረት እንዳይፋጩ የሚያርፉባቸው ናቸው።

ግን ስሚዝስ የፋብሪካ ሥራ ነው። ሻጭ "በእጅ የተሠራ የእንግሊዝ ሰዓት" ካላችሁ ፈገግ በሉና እለፉ። በእጅ የተሠራ የሚባለው እንግሊዛዊው ሰዓት ሠሪ ጆርጅ ዳንኤልስ የሠራው ዓይነት ነው። አይል ኦፍ ማን በምትባለው ደሴት፣ ቀፎውን፣ ገጹን፣ ቆጣሪውን (ሰዓትና ደቂቃ የሚያመለክተውን)፣ ጥርሱን ራሱ እየቆረጠና እየሞረደ። ሮጀር ስሚዝ የሚባል ወጣት የመጀመሪያ ሥራውን ይዞ ቢሄድለት ዳንኤልስ አልተቀበለውም፤ ምክንያቱን ስሙልኝ፣ የእጅ ሥራነቱ ያስታውቃል ብሎ ነው። ልጁ ተመልሶ ሌላ ሰዓት ጀመረ፣ እየጣለ እንደገና እየሠራ ዓመታት ፈጀበት፣ በመጨረሻ ተቀበለው። ዛሬ ሮጀር ስሚዝ በዓመት የሚሠራቸው ሰዓቶች በጣም ጥቂት ናቸው፣ ዋጋቸውን ባትጠይቁ ይሻላል።

እንግዲህ ጥሩ እጅ ራሱን የሚደብቅ ከሆነ በምን ይታወቃል? ማጉያ መነጽር ያስፈልጋችኋል። እኔ የምዋሰው ከአንድ ወርቅ ሠሪ ወዳጄ ነው፣ ፒያሳ ወርቅ ቤት የሚያውቀው ሰው የሌለው አለ እንዴ? መስኮት አጠገብ ቁጭ ብላችሁ መጀመሪያ ወደ ውስጥ የሚገቡትን ማዕዘኖች ፈልጉ። የማሽን መቁረጫ ክብ ስለሆነ የውስጥ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ያጎብጠዋል። ማዕዘኑ እንደ ቢላ ጫፍ ሹል ሆኖ ከገጠመ፣ ጠርዙም ላይ የምታበራ ቀጭን መስመር ካለች፣ እዚያ ቦታ ሰው በሞረድ ተቀምጦበታል።

ቀጥሎ ሰማያዊዎቹን ብሎኖችና ቆጣሪዎች እዩ። ሰዓቱን ቀስ ብላችሁ አዘንብሉት። ቀለም ከሆነ በየትኛውም አቅጣጫ ያው ሰማያዊ ነው። በእሳት የመጣ ከሆነ ግን በአንድ በኩል ጥቁር ይመስላል፣ ትንሽ ስታዞሩት ሐምራዊ፣ ከዚያ ድንገት ቦግ ይላል። ብረቱ ሲሞቅ መጀመሪያ ገለባ ይመስላል፣ ቡናማ ይሆናል፣ ሐምራዊ፣ ከዚያ 300 ዲግሪ ገደማ ላይ ሰማያዊ፤ ሠሪው በዓይኑ እየጠበቀ ልክ በዚያች ቅጽበት ካላነሳው ወደ ግራጫ ያልፍና ሥራው እንደገና ነው። እኔ ይህን ሳውቅ የቡና ቆሎ ትዝ አለኝ፣ አንዴ ዞር ካልክ አለቀ።

ገጹ ላይ ጥልፍ የሚመስል መስመር ካለ ደግሞ በጎን ብርሃን እዩት። የተቆረጠ መስመር ስለት አለው። በማተሚያ የተጫነ ግን ጠርዙ ለስላሳ ነው፣ ብርሃኑም ድብዝዝ።

አሁን ሙሉት። ከእጃችሁ አውልቃችሁ፣ በየጠዋቱ፣ እስኪያዝ ድረስ። ሲይዝ አቁሙ። "ከመጠን በላይ ተሞልቶ ቆመ" የሚሉት ወሬ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያቆመው የደረቀ ዘይት ነው። ጆሯችሁ ላይ አድርጉት። አብዛኞቹ የዚያ ዘመን ሰዓቶች በሰከንድ 5 ጊዜ ይመታሉ፣ እኩል እኩል። እንደሚያነክስ ሰው አንዱ ረዘም አንዱ አጠር ካለ መስተካከል ይፈልጋል። (በነገራችን ላይ ይህን ምት የሚሰጠው ዘዴ፣ ዛሬ የስዊዝ የምንላቸው ባትሪ የሌላቸው ሰዓቶች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚሠሩበት፣ ቶማስ መጅ የሚባል እንግሊዛዊ በ1750ዎቹ ያመጣው ነው።) ለሳምንት ከስልካችሁ ጋር አመሳክሩት። በቀን ግማሽ ደቂቃ ቢሳሳት ለዕድሜው ጎበዝ ነው። በድንገት ብዙ ደቂቃ መሮጥ ከጀመረ ከስፒከር ወይም ከሌላ ማግኔት አጠገብ አሳድራችሁት ይሆናል፣ ሰዓት ሠሪ በአንድ አፍታ ያወጣለታል።

ቀን የሚያሳይ ከሆነ የሐበሻ ሰዓት ለምንሞላ ሰዎች አንድ ጣጣ አለ። ሰዓቱ ቀን የሚቀይረው 12 ላይ ነው፣ ግን የትኛው 12? ቀኑ እስኪገለበጥ ወደፊት አዙሩ፤ ያ የንጋቱ 12 ነው፣ ከዚያ ወደ ትክክለኛው ሰዓት ቀጥሉ። ከምሽቱ 12 ካለፈ አንድ ዙር ጨምሩ። እንዲህ ከሞላችሁት ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ቀኑን በመሙያው አትግፉ፣ ጥርሶቹ በዚያን ጊዜ ተያይዘው ስለሆነ ሊሰበሩ ይችላሉ። እነዚህ ሰዓቶች 31 ድረስ ስለሚቆጥሩ ደግሞ ወር በገባ ቁጥር አንድ ቀን ማለፍ ነው። ጳጉሜ ላይ ታገሱ።

ሐምሌና ነሐሴ ቤት ይቀመጥ። የድሮ ሰዓት ዝናብ አይችልም።

መጠገን ካለበት፣ የማውቃቸው የፒያሳ ሰዓት ሠሪዎች ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ተበታትነዋልና ጠይቃችሁ ፈልጉ። ስታገኙ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ "ጋሼ፣ ሙሉ ይፈቱታል ወይስ ዘይት ጠብ ያደርጉበታል?" እፈታዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ ቀን ይፈጃል ካሉ ስጧቸው። አሮጌ ዘይት ላይ አዲስ መጨመር ቆሻሻውን ወደ ውስጥ መውሰድ ነው። ብሎኖቹንም እዩ፣ ጭንቅላታቸው የተፋቀ ከሆነ ቀድሞ ልኩ ያልሆነ ካቻቢቴ የያዘ ሰው ገብቶበታል። የተቀየረ ዕቃ ካለ አሮጌውን ተቀበሉ።

እኔ አሁን ሰዓት ስሰጥ ወረቀት ላይ "አይወልወል" ብዬ ጽፌ ማሰሪያው ላይ አስራለሁ። ሰዓት ሠሪው ጋሼ ባዩት ቁጥር ይስቁብኛል። ይሳቁ።