ሴሊያክ እያለባችሁ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለምትወጡ

ይህን የምጽፈው ደሴ፣ እናቴ ቤት ሆኜ ነው። ከአሜሪካ ለእረፍት መጥቻለሁ። የአክስቴ ልጅ ከኮምቦልቻ መጥታ ሻንጣዋን ሳሎን ውስጥ ዘርግታዋለች። ባሏ ጅዳ ነው፤ ወደ እሱ ልትሄድ ነው። እሷም እንደኔ ሴሊያክ የሚባለው፣ ስንዴና ገብስ የሚያስተው ሕመም አለባት። እናቴ ግን በሶውን፣ የገብስ ቆሎውን፣ ዳቦ ቆሎውን በየፌስታሉ እየቋጠረች ከሻንጣው አጠገብ ትደረድራለች። "ልጄ በሰው አገር ምን ትበላለች?" ትላለች። ከደረደረችው ውስጥ አንዱም ለልጅቷ አይሆንም። ሁሉም ገብስና ስንዴ ነው።

እኔም እንዲህ ያለ ቋጠሮ ይዤ ነው የወጣሁት። የነገረኝ ሰው አልነበረም። ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልጻፈው።

ሴሊያክ የሆድ መነፋት ብቻ አይደለም። ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን ሲገባ ሰውነት የራሱን ትንሹን አንጀት ያጠቃል። ከምግብ የሚጠቅመንን የሚመጥጠው የአንጀት ሽፋን ይጎዳል። ደም ማነስና ክብደት መቀነስ የሚመጣው ከዚያ ነው። ግሉተን ያለው በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ነው። ሕክምናው ዕድሜ ልክ እነዚህን መተው ነው። ሆዳችሁን ባያማችሁም እንኳ አንጀቱ ሊጎዳ ይችላል። አንድ ነገር አደራ። ጠርጥራችሁ ገና ያልተመረመራችሁ ከሆነ ምርመራው ሳያልቅ ስንዴ አታቁሙ። ቀድማችሁ ካቆማችሁ የደም ምርመራውም ከአንጀት የሚወሰደው ናሙናም ሕመሙን ላያሳይ ይችላል።

ውጭ አገር ስትደርሱ መጀመሪያ የምትፈሩት ዳቦውን ነው። ዳቦ ግን ዳቦነቱን አይደብቅም። እኔን ለወራት ያሳመመኝ እንጀራ ነው።

ጤፍ ግሉተን የለውም። በቃሉ ወረዳ በኩል የሚበላው የማሽላ እንጀራም እንዲሁ። እኔም እንጀራ ካገኘሁ ምን እሆናለሁ ብዬ ነበር። ውጭ አገር ግን ጤፍ ውድ ነው። ሊጡም በአየሩና በውሃው ምክንያት እንደ አገር ቤቱ አልሆን ይላል። ስለዚህ ብዙ ጋጋሪ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት ይቀላቅላል። ለተንኮል አይደለም። አይን እንዲያወጣና እንዲለሰልስ ነው። እኔ ከሱቅ እየገዛሁ የምበላው እንጀራ ማሸጊያው ላይ ጤፍ የሚለው በትልቁ ተጽፎበታል። ከጀርባው በደቃቁ የተጻፈውን ያነበብኩት በአራተኛው ወር ነው። የመጀመሪያው ቃል የስንዴ ዱቄት ነበር። ጤፍ ሦስተኛ ላይ ነው የመጣው። በአሜሪካም በአውሮፓም ዝርዝሩ የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የተጠራው የበዛው ነው።

ምንም ሳይጻፍበት በፌስታል የሚሸጥ እንጀራ ከሆነ ጋጋሪዋን ጠይቋት። ዱቄቱ ምንድን ነው? አብሲቱስ በምን ዱቄት ይጣላል? እርሾው ከየት መጣ? በዚያው ምጣድ ላይ ሌላ ትጋግሪያለሽ? መጠየቅ ነውር አይደለም። "ሐኪም ከልክሎኝ ነው" በሉ። ሐበሻ፣ ሐኪም የከለከለውን ሰው አያስገድድም። በመጨረሻ እኔ ምጣድ ገዝቼ ራሴ መጋገር ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ተበላሽተውብኛል፤ አሁን ግን ይወጣልኛል።

ሁለተኛው መደበቂያ ሞልት ነው። የእኛው ብቅል ማለት ነው። ብቅል ጠላ ውስጥ፣ ቢራ ውስጥ እንዳለ የማያውቅ የወሎ ሰው የለም። የቁርስ ኮርንፍሌክስ ውስጥ ይኖራል ብሎ የሚጠረጥር ግን ማን ነው? በቆሎ ራሱ ንጹሕ ነው። ለጣዕም ብለው የገብስ ሞልት ይጨምሩበታል። አንዳንድ ቸኮሌትና ብስኩትም እንዲሁ ነው። አሜሪካ ላላችሁ ይህ በጣም አስፈላጊ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ስንዴ ያለበት የታሸገ ምግብ "ዊት" ብሎ በግልጽ እንዲጽፍ ሕጉ ያስገድዳል። ገብስንና ራይን ግን አይጨምርም። "ኮንቴይንስ" (ይዟል) ከሚለው ቀጥሎ ዊት የሚል ስላጣችሁ ብቻ ዕቃውን ቅርጫት ውስጥ አትክተቱ። ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ወርዳችሁ ሞልት፣ ባርሊ (ገብስ ማለት ነው) እና ራይ የሚሉትን ፈልጉ። አውሮፓ ይሻላል። እዚያ ገብሱም ራዩም ደመቅ ተደርጎ መጻፍ አለበት።

"ግሉተን ፍሪ" የሚል ከተጻፈበት በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ከ20 ሚሊግራም ያለፈ ግሉተን አይኖርም ማለት ነው። "ዊት ፍሪ" የሚለው ግን አይበቃም፤ ገብስ ሊኖርበት ይችላል። በተቃራኒው ባክዊት የሚባለው እህል ስሙ ውስጥ ዊት ስላለ አትሽሹት፤ ስንዴ አይደለም። አጃ ደግሞ በማሳም በፋብሪካም ከስንዴ ጋር ስለሚነካካ ግሉተን ፍሪ ካልተባለ ተዉት። ግሉተን ፍሪውም ቢሆን የማይስማማቸው አሉ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። ሶያ ሶስ አብዛኛው በስንዴ ነው የሚጠመቀው። የወጥ ማጣፈጫ ኩብ፣ የታሸገ ሾርባ፣ ቋሊማ፣ በረዶ የያዘው የድንች ጥብስ፣ ቅመም የገባበት የሩዝ ፓኬት፣ ሁሉም ይነበባል። ትናንት ያነበባችሁትም ዛሬ ይነበባል። ፋብሪካው አሠራሩን ሲለውጥ ማሸጊያው ያው ሊመስል ይችላል።

ዘመዴ የምትሄደው ዐረብ አገር ስለሆነ እሷን ሌላ ነገር አስጠናኋት። ቁርአን ቀርታለችና ፊደሉን ታነባለች። ሁለት ቃል ወረቀት ላይ ጻፍኩላት፤ ቀምህ ስንዴ ነው፣ ሸዒር ገብስ ነው። አልኮል የሌለው የገብስ መጠጥ እዚያ በየሱቁ አለ። ሐላል ነው ብላ እንዳትጠጣው። እኛ ቤት ለዒድ እንደሚጠመቀው ቀሪቦ ነው፤ ገብሱ አለበት። በረመዳን ጅዳ ውስጥ ሹርበት ሀብ የሚሉት ሾርባም የተከካ ስንዴ ነው። ቡርጉል፣ ጀሪሽ፣ ሀሪስ፣ ፍሪካ ስማቸው ቢለያይም ሁሉም ስንዴ ናቸው። ሩዝ ሲያቀርቡላት መሀሉ ላይ ቀጫጭን ቡናማ ነገር ካየች እሱ ሸዕሪያ ነው፤ ፓስታ ነው።

ክርስቲያን ለሆናችሁ አንድ ልጨምር። ቅዱስ ቁርባኑ ከስንዴ ነው። ብቻችሁን ከምትጨነቁ ለንስሐ አባታችሁ ሕመሙን አስረዱ።

አሁን ወደ ሻንጣው። በርበሬና ሽሮ ከአገር ቤት ይምጣልኝ የማይል የለም። ወፍጮ ቤቱ ግን አንድ ነው። ከእናንተ ሽሮ በፊት ስንዴ ተፈጭቶ ከሆነ ድንጋዩ ላይ የቀረው ዱቄት ከሽሮው ጋር ይወርዳል። ሽምብራው የሚቆላውም ገብስ በሚቆላበት ምጣድ ነው። ስለዚህ የሽሮው እህል ለብቻው ተለቅሞ፣ በታጠበ ብረት ምጣድ ተቆልቶ፣ ሳይፈጭ ቢሄድ ይሻላል። እዚያ ስትደርሱ ሌላ እህል ያልነካ አዲስ የቡና መፍጫ ግዙና በእሱ ፍጩት። በርበሬውም ዛላውን ይዛችሁ ሂዱ። የምትገቡበት አገር ጉምሩክ ምን እንደሚከለክል ግን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ለእናቴ ይህን ሁሉ ሳስረዳት ቆይታ "ታዲያ ቀድመሽ አትናገሪም!" አለችኝ። በሶውን መልሳ ጓዳ አስገባችው። አሁን ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ሽምብራ እየለቀመች ነው። ቅድም ከመሀሉ ሦስት የስንዴ ፍሬ አግኝታ መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየችኝ።