የከተማ ፕላን ይግባኝ ሰሚ ጉባኤን የአባላት ቁጥር ሲያስተካክሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀላት ወዲህ ደብረ ብርሃን በዙሪያዋ ወዳሉት የገጠር ቀበሌዎች እየሰፋች ነው። ከተማ ሲሰፋ ደግሞ ከይዞታ፣ ከካሳ፣ ከግንባታ ፈቃድና ከፕላን ለውጥ ጋር የተያያዘ ቅሬታ አብሮ ይበዛል። መዝገብ ሲከማች ለከተማው ምክር ቤት ቀድሞ የሚቀርበው ሐሳብ ይህን ቅሬታ አይቶ የሚወስነው የይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አባላት ይጨመሩ የሚል ሲሆን፣ በጀት ሲጠብ ደግሞ ይቀነሱ የሚል ይከተላል። ሁለቱም እንደየሁኔታው ተገቢ ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን የወንበር ቁጥር መቀየር ቀላል ስለሚመስል በጥድፊያ ይወሰናል፤ ጉዳቱም የሚያርፈው ቤቱ ወይም ማሳው በፕላን በተነካበት ሰው ላይ ነው። በደብረ ብርሃንም ሆነ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢት፣ በመሐል ሜዳና በዓለም ከተማ እንዲህ ያለ ማስተካከያ ለሚያዘጋጁ ሁሉ የሚከተሉት ስህተቶች ልብ ሊባሉ ይገባል።

ምልዓተ ጉባኤን ሳያሰሉ ቁጥር መጨመር

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። ምልዓተ ጉባኤ ማለት ስብሰባ ለመጀመር መገኘት ያለባቸው አባላት ቁጥር ነው። ደንቡ ከግማሽ በላይ አባላት ሲገኙ ጉባኤው ይሰየማል የሚል ከሆነ፣ አምስት አባላት ላሉት ጉባኤ ሦስት ሰው ይበቃል፤ ሰባት ሲሆኑ ግን አራት ሰው የግድ ነው። አባላቱ ሌላ መደበኛ ሥራ ያላቸው፣ በሳምንት አንዴ ወይም በወር ሁለቴ የሚሰበሰቡ ሰዎች በሆኑበት ከተማ፣ ሥራ ያፋጥናሉ ተብለው የተጨመሩት ሁለት ወንበሮች አራተኛው ሰው እስኪገኝ ቀጠሮ የሚራዘምባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። በሌላ በኩል ምልዓተ ጉባኤው ዝቅ ያለ መሆኑም ዋጋ ያስከፍላል፤ ከአምስቱ ሦስቱ ተሰይመው በድምፅ ብልጫ ሲወስኑ፣ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ በሁለት ሰዎች ድምፅ ተወሰነ ማለት ነው።

የድምፅ ደንቡም ከቁጥሩ ተነጥሎ አይታይም። የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የይግባኝ ቦርድ አምስት አባላት አሉት፤ ወንበሮቹ ሁሉ በተያዙበት ጊዜ ይግባኝ የተባለበትን የከተማ መሥሪያ ቤት ውሳኔ ለመሻር አራት ድምፅ ይጠይቃል። በእንዲህ ያለ ሥርዓት አንድ አባል በስብሰባው ባይገኝ የሚጎዳው ይግባኝ ባዩ ነው፤ ከቀሩት አራት አንዱ እንኳ ካልተስማማ የመሥሪያ ቤቱ ውሳኔ ጸንቶ ይቀራልና። ስለዚህ ረቂቅ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ስንት አባላት፣ ስንት ሲገኙ፣ በስንት ድምፅ የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች በአንድ ገጽ ላይ አስቀምጦ አንድ ሰው ሲቀር፣ ሁለት ሰው ሲቀር ምን እንደሚፈጠር ማስላት ይኖርበታል።

መዝገቡ የት እንደቆመ ሳይመረምሩ ወንበር መጨመር

የዘገየ መዝገብ ሲገለጥ በአብዛኛው ከላይ አቤቱታው፣ ቀጥሎ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ቅጂ፣ ከዚያም መንገዱ በግቢው በኩል እንደሚያልፍ የሚገልጸው ማስታወቂያ ይገኛል። ከእነዚህ በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ መልስና የልኬት ሰነድ እንዲያቀርብ የተጻፈ ደብዳቤ፣ ያንኑ ለማስታወስ የተጻፈ ሌላ ደብዳቤ፣ ከዚያም ተለዋጭ ቀጠሮ ይከተላል። ይህን መዝገብ ዘጠኝ ሰው ቢሰየምለትም አይንቀሳቀስም። የጎደለው ሰነድ የሚከታተል ጸሐፊ፣ ቦታው ድረስ ሄዶ የሚለካ ቀያሽና መልስ የሚሰጥበት የተቆረጠ ቀን ነው። በተቃራኒው መዝገቡ ተሟልቶ ተሰያሚ አጥቶ የቆመ ከሆነ ችግሩ በእርግጥ የሰው ነው፤ ያኔም ቢሆን መጀመሪያ የሚጠየቀው አሁን ያሉት ወንበሮች ሁሉ ሰው አላቸው ወይ የሚለው ነው። የአየርላንድ የፕላን ይግባኝ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2022 የአባላቱ ቁጥር ሲመናመን ውሳኔው ዘግይቶ መዝገብ ተከምሮበታል። ክፍት ወንበር በጊዜ አለመሙላት ያን ያህል ሊያደርስ ይችላል።

ዝምድናን መዘንጋት

በትንሽ ከተማ ሰው በጋብቻ፣ በክርስትና ልጅነት፣ በዕድርና በማኅበር የተሳሰረ ነው። ይግባኝ ባዩ የአንዱ አባል አማች፣ ጎረቤቱ የሌላው አባል የማኅበር ጓደኛ ሆነው መገኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ጉባኤው በትክክል የሚሠራ ከሆነ እነዚህ አባላት ከጉዳዩ ራሳቸውን ያነሣሉ፤ ያን ጊዜ ከአምስቱ ሦስት ብቻ ይቀራሉ፤ አንዱ ለሥልጠና ወይም ለለቅሶ ከሄደ ስብሰባው ፈረሰ። ሰው ሲያጥር ደግሞ ሊነሣ የሚገባው አባል ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ይገፋፋል፤ ከዚያ በኋላ ውሳኔው ትክክል ቢሆን እንኳ የተሸነፈው ወገን አያምነውም። በእኔ እምነት ለዚህ የሚሻለው መደበኛውን ቁጥር ማብዛት ሳይሆን፣ መደበኛ አባል ሲነሣ ወይም ሲቀር ብቻ በተራ የሚጠሩ ሁለት ወይም ሦስት ተለዋጭ አባላትን አስቀድሞ መሾም ነው። ተራው በጽሑፍ ይያዝ፤ ለየትኛው መዝገብ ማን እንደሚጠራ ሰብሳቢው በፈቀደው የሚመርጥ ከሆነ ሌላ ቅሬታ ይወልዳል።

ሲቀንሱ ባለሙያውን አስቀድሞ ማሰናበት

የከተማውን ጠቅላላ አቅጣጫ የሚያሳየውን መዋቅራዊ ፕላንና የአንድን ሰፈር ዝርዝር የሚያሳየውን የአካባቢ ልማት ፕላን ለይቶ የሚያውቅ፣ ልኬት የሚያነብ፣ የካሳ ግምት የሚመረምርና ሕግ የተማረ ሰው በእያንዳንዱ ከተማ እንደልብ አይገኝም፤ ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ዓለም ከተማ ባለሙያ እየላኩ መሥራትም ጊዜና አበል ይጠይቃል። ወጪ ለመቆጠብ ተብሎ እነዚህ ሲቀነሱ ጉባኤው ማዘጋጃ ቤቱ ያቀረበለትን ሥዕል ከመቀበል በቀር አማራጭ አይኖረውም። የነዋሪ ተወካዮችንም ጨርሶ ማስወጣት እንዲሁ ስህተት ነው።

ሙሉ ቁጥርን መምረጥ

አራት ወይም ስድስት አባላት ድምፅ እኩል ሲከፈል ያስቸግራሉ፤ ጎዶሎ ቁጥር ይሻላል። ሆኖም አንድ ሰው ሲቀር ጎዶሎውም ሙሉ ስለሚሆን፣ ድምፅ እኩል ሲሆን ምን እንደሚደረግ ደንቡ በግልጽ መናገር አለበት።

በደብዳቤ መቀየር፣ በመሐልም መቀየር

ቁጥሩን የወሰነው ደንብ ከሆነ በደብዳቤ አይሻሻልም፤ ደንቡን ያወጣው አካል ራሱ ማሻሻል አለበት፤ ካልሆነ በአዲሱ አሰያየም የተሰጠው ውሳኔ ሁሉ በፍርድ ቤት ለክርክር ይጋለጣል። ጉባኤው አስተዳደሩን የሚያስቀይም ውሳኔ በሰጠ ማግሥት አባል መጨመርም ሆነ መቀነስ፣ ምክንያቱ ምንም ቢሆን፣ በነዋሪው ዓይን ቅጣት ነው፤ በፍጹም መደረግ የለበትም።

መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የማስለቀቅ ትእዛዝ ለደረሰው ባለይዞታ አቤቱታ የሚያቀርብበት 30 ቀን ሰጥቶታል። ዜጋው በቀን ተቆጥሮ የሚገደድ ከሆነ፣ ጉባኤው እንደገና እስኪደራጅ በሩ ተዘግቶ ሊጠብቀው አይገባም፤ የነባሮቹ አባላት ሥልጣን አዲሶቹ እስኪሰየሙ እንዲቀጥል በመሸጋገሪያ ድንጋጌ ይጻፍ። ክርክራቸው የተሰማ መዝገቦችም ክርክሩን በሰሙት አባላት ይወሰኑ፤ ቦታውን ያላየና ምስክር ያልሰማ አዲስ አባል በመጨረሻው ቀን ገብቶ ድምፅ አይስጥ። የአዲሶቹ አባላት የሥራ ዘመን ከነባሮቹ ጋር በአንድ ቀን እንዳያበቃም፣ ከመጀመሪያዎቹ ተሿሚዎች ለተወሰኑት አጠር ያለ ዘመን መስጠት ያስፈልጋል።