ውስብስብ የመጋዘን አውቶሜሽን ፕሮጀክት እንዴት ይመራል?

የአሜሪካው ዴንቨር ኤርፖርት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1993 እንዲከፈት ቀን ተቆርጦለት ነበር። የተከፈተው ግን በየካቲት 1995 ነው። ከሁሉ በላይ ያዘገየው በሐዲድ ላይ በሚሮጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ጋሪዎች ሻንጣ እንዲያመላልስ የተሠራው አውቶማቲክ ሲስተም ነበር። በ1994 ለጋዜጠኞች ሲታይ ጋሪዎቹ ሻንጣውን እየወረወሩ ቀደዱት፤ የሰው ልብስ በየሐዲዱ ተበተነ። አነስ ያለ ተመሳሳይ ሲስተም የተከሉት የሙኒክ ኤርፖርት ሰዎች አስቀድመው መክረው ነበር፦ እነሱ 2 ዓመት ሞክረውታል፣ ከመክፈታቸው በፊት ደግሞ 6 ወር ሌት ተቀን አሠርተውታል። ዴንቨር ለዚያ የሚሆን ጊዜ አልመደበም ነበር።

መጋዘኑን በሮቦት፣ በኮንቬየር (ዕቃ እየተሸከመ በሚንቀሳቀስ መስመር) ወይም እስከ ጣሪያ በሚደርስ መደርደሪያ መካከል በሚሄድ ክሬን ለመቀየር ላሰበ ድርጅት ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም። ለማሽኑ በጀት ተይዞ ለዳታውና ለሙከራው ጊዜ ካልተያዘ ፕሮጀክቱ ገና ከመነሻው ታሟል።

1. ማሽን ከመምረጥዎ በፊት ዳታዎን ያጽዱ

ሠራተኛ ካርቶን ሲያነሳ በዓይኑ ያያል፤ ትልቅ ከሆነ ሌላ ቦታ ይፈልግለታል። ማሽን የሚያውቀው የተጻፈለትን ብቻ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ዕቃ ርዝመት፣ ወርድ፣ ቁመትና ክብደት በሜትርና በሚዛን ይለካ። ከአቅራቢው ካታሎግ መገልበጥ አይበቃም። አቅራቢው ማሸጊያውን ቀይሮ ካርቶኑ 3 ሳንቲሜትር ቢጨምር፣ መዝገቡ ላይ ልክ የሆነው ዕቃ ሳጥኑ ውስጥ አልገባ ብሎ መስመሩን ያስቆማል። አዲስ ዕቃ በገባ ቁጥር የሚለካ አንድ ሰው በስም ይመደብ።

የዕቃው መገኛም እንዲሁ ነው። የቸኮሌት አምራቹ ኸርሺ እ.ኤ.አ. በ1999 አዲስ የኮምፒውተር ሲስተም ሥራ ሲያስጀምር፣ በጥድፊያ ወቅት ዕቃ የሚያስቀምጥባቸው አንዳንድ ትርፍ ክፍሎች በሲስተሙ አልተመዘገቡም ነበር። ቸኮሌቱ አለ፣ ሲስተሙ ግን አያውቀውም። በዚያ ዓመት ለሃሎዊን በዓል ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ትእዛዝ ሳያደርስ ቀረ። እርስዎም መጋዘን ውስጥ ገብተው ቢን ካርዱ (የዕቃው ገቢና ወጪ መመዝገቢያ ካርድ) ላይ የሌለ ዕቃ ኮሪደር ላይ፣ ደረጃ ሥር ወይም ግቢ ውስጥ መኖሩን ይመልከቱ። ነባሮቹን ንብረት ክፍሎች ይጠይቁ፤ ወረቀት ላይ የሌለውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

2. በአማካይ ቁጥር አይንደፉ

በዓመት የወጣውን ዕቃ ለቀኑ ብዛት አካፍለው የሚገኘው ቁጥር ምንም አይጠቅምም። የሚያስፈልገው ከፋሲካ ወይም ከዘመን መለወጫ በፊት ባለው ሳምንት፣ በጣም በተጨናነቀው ሰዓት ስንት መስመር ትእዛዝ (በትእዛዝ ወረቀት ላይ አንድ የዕቃ ዓይነት የያዘ ረድፍ) ይወጣል የሚለው ነው። ከዚያ ደግሞ ከዛሬ 5 ዓመት በኋላ ስንት ይሆናል? እዚህ ላይ ከሽያጭ ክፍሉ ጋር ሙግት መግጠም አይቀርም፤ ይግጠሙ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

3. ምን በእጅ እንደሚቀር ይወስኑ

በአብዛኛው መጋዘን ጥቂት የዕቃ ዓይነቶች ከእንቅስቃሴው ብዙውን ይይዛሉ። ለነሱ ማሽኑ ወጪውን ይመልሳል። ረጅም ቱቦ፣ ቅርጹ ያልተስተካከለ ዕቃ፣ በወር አንዴ የሚወጣ መለዋወጫ በሰውና በፎርክሊፍት ቢቀጥል ምንም አይደለም። ሁሉንም አውቶማቲክ አደርጋለሁ ማለት የመጨረሻዋን ጥቂት ዕቃ ለማስተናገድ ሲባል ሙሉውን ፕሮጀክት ማወሳሰብ ነው።

4. ኮንትራቱ ላይ መገጣጠሚያውን ባለቤት ያድርጉለት

መጋዘኑን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር አንድ ድርጅት፣ ማሽኖቹን የሚያዘው ሶፍትዌር ሌላ፣ ኮንቬየሩን የሚገጥመው ደግሞ ሦስተኛ ሊሆን ይችላል። ችግር ሲመጣ ሁሉም ጣቱን ወደ ሌላው ይቀስራል። አንድ ዋና ኮንትራክተር ለሁሉም ይጠየቅ፤ ካልሆነ ድርጅትዎ ራሱ ብቁ ባለሙያ ቀጥሮ ያንን ኃላፊነት ይውሰድ። በሰዓት ስንት ካርቶን፣ በምን ዓይነት የዕቃ ድብልቅ፣ ለስንት ሰዓት ያለማቋረጥ የሚለው በቁጥር ይጻፍ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚሠራ ፕሮጀክት መለዋወጫውም ኮንትራቱ ውስጥ ይግባ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን በውጭ ገንዘብ የሚከፈለውን ክፍል በጊዜ ያስሉ። ከውጭ እስኪገባ ወራት የሚፈጅ አንድ ሞተር ወይም ሴንሰር መጋዘንዎ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅ።

5. ሙከራውን አይቁረጡ

ሲቪል ሥራው ሲዘገይ፣ ዕቃው ወደብ ላይ ሲቆይ፣ የመክፈቻው ቀን አይነካም ተብሎ የሚበላው ሁልጊዜ የሙከራው ጊዜ ነው። ለኔ የሥራ መሪው ትልቁ ፈተና ይህ ነው፦ አለቃ ፊት ቆሞ “ቀኑ ይገፋ” ማለት።

መጀመሪያ ማሽኑ ሳይጫን አምራቹ ፋብሪካ ሄደው ይፈትሹት፤ የራስዎን ካርቶንና የራስዎን ፓሌት (ዕቃ ተደርድሮበት በፎርክሊፍት የሚነሳ የጣውላ ርብራብ) ይዘው ይሂዱ። ሶፍትዌሩን ደግሞ ማሽኖቹን ከሚያስመስል የኮምፒውተር ሞዴል ጋር አገናኝተው በአንድ የጥድፊያ ቀን እውነተኛ ትእዛዝ ያሠሩት። ከተከላ በኋላ መጋዘኑ ላይ እንደገና ይፈተሻል።

ደህና ሲሠራ ማየት ብቻውን ሙከራ አይባልም። የተቀደደ ባርኮድ ያስገቡ። የታች ጣውላው የተሰበረ ፓሌት ይላኩ። የመጠቅለያ ፕላስቲኩን ጫፍ ተንጠልጥሎ ይተዉት፤ ያቺ ብጣሽ ሴንሰሩን ስትጋርደው ሲስተሙ ዕቃው ከልኩ ወጥቷል ብሎ ይቆማል። ከዚያ ክሬኑ ፓሌት ይዞ መሀል መንገድ ላይ ሳለ መብራት ያጥፉ። ሲመለስ ምን እንደያዘና የት እንደቆመ ያውቃል? ጀኔሬተሩ እስኪነሳ ኮምፒውተሮቹን ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጠው ባትሪ) ይይዛቸዋል? መብራት በሚቋረጥበት አገር ይህ ፈተና አንዴ ተደርጎ የሚተው አይደለም።

እሳትም ይታሰብ። በኢንተርኔት አስቤዛ የሚሸጠው የእንግሊዙ ኦካዶ አንዶቨር ከተማ የነበረው በሮቦት የሚሠራ መጋዘኑ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ወድሟል፤ እሳቱ የተነሳው ከሮቦት ባትሪ መሙያ ነበር። ጥቅጥቅ ባለ መደርደሪያ ውስጥ ሰው ገብቶ ማጥፋት ስለማይችል የእሳት አደጋ ባለሙያዎችንና ኢንሹራንሱን ንድፉ ሳይጸድቅ ያማክሩ።

6. ሠራተኛውን ቀድመው ያስገቡ

የጥገና ቴክኒሻኖች ተከላው ላይ አብረው ይሥሩ፤ ቦልቱን ራሱ ያጠበቀ ሰው ሲላላ ያውቃል። ለዕቃ አውጪዎች ደግሞ ሥራቸው ምን እንደሚሆን በግልጽ ይነገር። የሚቀነስ ካለ አይደበቅ።

7. ቀስ ብለው ይሻገሩ

በአንድ ሌሊት ሁሉንም አይቀይሩ። በአንድ የዕቃ ክፍል ወይም በጥቂት ደንበኞች ይጀምሩ፤ ሲረጋጋ ይጨምሩ። አሮጌው አሠራር እስከዚያ ድረስ ይቆይ። ዴንቨርም በመጨረሻ የተከፈተው አብዛኛውን ሻንጣ በተለመደው ጋሪና ትራክተር እያመላለሰ ነው፤ አውቶማቲኩን ሲጠቀም የነበረው ዩናይትድ አየር መንገድም እ.ኤ.አ. በ2005 ተወው።

የሚጀምሩበትን ወር ከበዓል ያርቁ። የአቅራቢው መሐንዲሶች ሥራ ከጀመረ በኋላም መጋዘኑ ውስጥ ይቆዩ፤ የመጨረሻው ክፍያም ሲስተሙ አንድ ሙሉ የጥድፊያ ወቅት ተሻግሮ የተጻፈውን ቁጥር እስኪያሟላ አይለቀቅ።