ወጨጫ ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች (የኔም አሉበት)

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ ነጭ ስኒከር አድርጎ መጣ። ገና ከካርቶን የወጣ። ወጨጫ እንደምንወጣ ከሳምንት በፊት ተነግሮታል። «ምን ችግር አለው፣ ተራራ አይደል እንዴ?» አለኝ። ማታ ስንመለስ ጫማው መጀመሪያ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ለማስታወስ ማሰብ ነበረብን። ልጁን ወድጄዋለሁ፣ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ግን ይህንኑ ነገር ስንት ጊዜ ልየው? ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ለማያውቀው፣ ወጨጫ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለ፣ እሳቱ ከጠፋ ረጅም ዘመን የሆነው እሳተ ገሞራ ነው። ጫፉ 3,385 ሜትር ይደርሳል። ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከአየር ጤና ማዶ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው ያ ሰፊ ጀርባ እሱ ነው። ጎኑ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ደኑ ነው። የኔ ልብ ያለው ግን ከደኑ በላይ፣ ረጃጅሙ ዛፍ አልቆ አስታ የሚባለው ተክል በሚጀምርበት፣ ነፋሱ እንደልቡ በሚሮጥበት ገላጣ ላይ ነው።

ዋናው ስህተት ሰዓት ነው። ስለዚህ ነገር ብዙ እናገራለሁ፤ ታገሡኝ። 12 ሰዓት ላይ እንገናኝ እላለሁ። 12 ሰዓት ላይ የምገኘው እኔና ጋዜጣ የሚያነጥፉት ሊስትሮዎች ነን። 12 ተኩል ላይ ስደውል «እየመጣሁ ነው» ይባላል፤ ከጀርባ ግን የሻወር ድምፅ ይሰማል። 1 ሰዓት ተኩል ላይ አራት ሰው ይሞላል። ከዚያ አንዱ «ቁርስ ሳንበላ?» ይላል። ፍርፍር ይታዘዛል፣ ማኪያቶ ይታዘዛል፣ ማኪያቶው ይደገማል። ሰበታ ስንደርስ 3 ሰዓት አልፏል። ከሰበታ ወደ ሱባ የሚወስደው ደግሞ አስፋልት አይደለም፤ የሚያንገጫግጭ ጥርጊያ መንገድ ነው። እግራችን መሬት ሲነካ 4 ሰዓት ተኩል ሆኖ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት።

ታዲያ ምን ይሆናል? ተራራው ጠዋት ነው የሚታየው። ፀሐይ ጎኑን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ የያዘው እርጥበት ደመና ይሆናል። ከ7 እና ከ8 ሰዓት በኋላ ብዙ ቀን ደመናው መጥቶ ጫፉ ላይ ቂጢጥ ይላል። አራት ሰዓት ሙሉ አልቦህ፣ ላይ ስትደርስ ነጭ አንሶላ ታያለህ። ያንን አንሶላ ፎቶ አንስተው የለጠፉ ሰዎች አውቃለሁ። መውረዱስ? እኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ድቅድቅ ነው፤ ደኑ ውስጥ ደግሞ ጨለማው ቀድሞ ነው የሚገባው። አንድ ጊዜ አምስት ሰው በሁለት የስልክ መብራት ወርደናል። አንደኛው ስልክ 9 ፐርሰንት ነበረው። ጅቡ ሩቅ ነበር፣ እውነት ለመናገር በጣም ሩቅ ነበር፤ ግን ከመካከላችን ጅብ ሩቅ ነው ብሎ የተጽናና ሰው አልነበረም። ቁርሱን መኪና ውስጥ ብሉ። ዳቦ በሙዝ ማንንም አልገደለም።

«እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ ለምጃለሁ» የሚል ሁልጊዜ አይጠፋም። ለምደሃል፣ 2,300 እና 2,400 ሜትርን። ወጨጫ ከዚያ ላይ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ይጨምርብሃል። መጀመሪያ ላይ እየሮጠ የሚቀድመን ሰው ሦስተኛው ዳገት ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። እያወራችሁ መሄድ ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። በቃ።

ጂንስ አታድርጉ። ምክንያቱን አስታው ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ውሃ ከታች ይዛችሁ ውጡ፤ ላይ ሱቅ የለም። (አዎ፣ የጠየቀኝ ሰው አለ።)

ሰዓቱን ተከትሎ የሚያናድደኝ ጫፉን ብቻ ማሰብ ነው። አንገቱን ደፍቶ፣ ጆሮው ላይ ኢርፎን ሰክቶ፣ «ስንት ቀረን?» እያለ የሚወጣ ሰው። ወንድሜ፣ ያለፍከውን አየኸው? ከታች ጥዱና ዝግባው ነው። አንዳንዱን ጥድ ሦስት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዘሩን ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው ያስተከሉት ነው ይባላል። ዝም ብላችሁ ከቆማችሁ ጉሬዛው ነጭ ካባውን እያውለበለበ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ታያላችሁ። ዕድለኛ ከሆናችሁ ደግሞ የምኒልክ ድኩላ፣ ጥቁር ቡናማው፣ መንገዱን አቋርጦ ይጠፋል። ከፍ ስትሉ ኮሶው ይመጣል። ቅርፊቱ እየተላጠ የሚንጠለጠል፣ ቅርንጫፉ ላይ የዛፍ ሽበት ያንዠረገገ፣ ጎንበስ ያለ ሽማግሌ የመሰለ ዛፍ። አያቶቻችን ለሆድ ትል የጠጡት የዚህኑ ዛፍ አበባ ነው።

ከኮሶው በላይ አስታ። መጀመሪያ ዛፍ ሆኖ ነው የምታገኙት፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ ግንዱ የተጣመመ። እየወጣችሁ ስትሄዱ ያጥራል። ትከሻ፣ ከዚያ ወገብ፣ ከዚያ ጉልበት ይሆናል። እናንተ ያደጋችሁ ይመስላችኋል። አንድ ዘለላ ቀንጥሳችሁ እዩ ብዬ አልመክርም፤ ጎንበስ ብላችሁ ግን እዩት። ቅጠሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ነው፣ አበባው ደግሞ ሩዝ የማታክል ነጭ ደወል። ቀድሞ የነበሩት ሰዎች ከደጋ በላይ ያለውን ውርጭ ያሉት በከንቱ አይደለም፤ በየመቶ ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል፣ ነፋሱ ሲጨመርበት ጆሮ ይቆረጣል። ከዚያ ዞር ስትሉ ሁሉም ይከፈታል። የፉሪ ተራራ፣ ወዲያ የረር፣ ሲጠራ ደግሞ ዝቋላ ብቻዋን ሜዳ ላይ ተቀምጣ። አዲስ አበባ ከዚያ ሲያዩዋት ጭስ ያረፈባት ቆርቆሮ ናት። እኔ እዚህ ቦታ ላይ አንድ ሰዓት ቁጭ ብዬ ጫፉ ሳልደርስ የተመለስኩበት ቀን አለ፤ አንድም ቀን አልቆጨኝም።

አሁን ጂንሱ። አስታ ጠዋት ጉሙን ቅጠሉ ላይ ይይዘዋል። ዝናብ ሳይጥል፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ በመካከሉ ስታልፉ እስከ ጭን ትርሳላችሁ። የራሰ ጂንስ እዚያ ነፋስ ላይ የብረት ሱሪ ነው፤ ቶሎ አይደርቅም፣ ይከብዳል፣ ያንቀጠቅጣል። ቀለል ያለ የስፖርት ሱሪ ይሻላል። ቦርሳ ውስጥ ደረቅ ካልሲ።

ቀጥሎ የኔ ስህተት። አፍሬ ነው የምጽፈው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከላይ ስንመለስ ጉም መጣ። ያወጣን መንገድ ዙሪያ ጥምጥም ስለነበር «በዚህ ብንቆርጥ ቀጥታ ደኑ ላይ እንወድቃለን» አልኩ። መሪ እኔ ነኝ፣ ተከተሉኝ። አስታው ከላይ ሲያዩት የተነጠፈ ምንጣፍ ይመስላል። ሲገቡበት ከሥሩ ጎድጓዳ አለ፣ ድንጋይ አለ፣ አሮጌ ግንድ አለ፤ እግር የሚያርፍበት አይታይም። ደስ ሲለኝ መንገድ አገኘሁ። ግልጽ፣ የተረገጠ መንገድ። ተከተልነው። ለሁለት ተከፈለ፣ ትልቁን ያዝን። እንደገና ተከፈለ። መጨረሻው አንድ ጉድባ ውስጥ ያለች ትንሽ ምንጭ ሆነ። የከብት መንገድ ነበር። ከብት ወደ ውሃና ወደ ሣር ነው እንጂ ወደ ሰበታ አይሄድም። ከዚያች ጉድባ ወጥተን የተውነውን መንገድ ለማግኘት ሁለት ሰዓት ፈጀብን፤ ያገኘነውም አንድ አሥራ ሁለት ዓመት የማይሞላው እረኛ ድምፃችንን ሰምቶ ስለመጣ ነው። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ አየን አየንና ሳቀ። ትክክል ነው።

ስለዚህ ጉም ሲመጣ አቋራጭ አይፈለግም። ቁሙ። ብዙውን ጊዜ ይገልጣል። ካልገለጠም በመጣችሁበት ተመለሱ። ከመጀመሪያው የአካባቢውን ልጅ መሪ አድርጎ መያዝ ደግሞ ከሁሉ ይቀላል። «ጎግል ማፕ አለኝ» ለሚለኝ መልስ የለኝም።

ነጎድጓድ ከሰማችሁ ውረዱ። ገላጣው ላይ ከአስታው የምትረዝሙት እናንተ ናችሁ።

ላይ ወጥተን ቡና እናፍላ የምትሉ፣ እባካችሁ። ሐሳቡ ያምራል፣ እኔም ቡና እወዳለሁ። ግን አስታ እርጥቡም ቢሆን እሳት ይወዳል፣ በበጋ ደግሞ ክብሪት ነው። አንድ ረመጥ በነፋስ ተነስታ ከገባችበት ማንም አያቆማትም። ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው። ቡናውን ቤት አፍልታችሁ በፔርሙስ ያዙ። ባዶውን ሃይላንድም ይዛችሁ ውረዱ፤ ባዶው ከሙሉው አይከብድም።

ሰላምታም አለ። ይሄ የሰው ደጅ ነው። እርሻ አለ፣ ግቢ አለ፣ የሚጮህ ውሻ አለ። ገበሬውን እያያችሁ ዝም ብላችሁ ካለፋችሁ ውሻውም ዝም አይላችሁም። «አካም ጅርቱ?» በሉ። ሌላ ኦሮምኛ ባታውቁ እንኳ ይህችን አውቃችሁ ውጡ። አባወራው ውሻውን በስሙ ይጠራዋል፣ ውሻው ይተኛል፣ እናንተም መንገዱ ክፍት መሆን አለመሆኑን ትጠይቃላችሁ። ስፒከር ይዞ የሚመጣውን ሰው በተመለከተ፣ ጉሬዛዎቹ ከኔ ቀድመው አስተያየታቸውን በሽሽት ሰጥተዋል።

መቼ ይወጣ ለሚለኝ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር። ዝናቡ አልቆ፣ አቧራው ሳይነሳ፣ ከታች ያለው ሜዳ አደይ አበባ ለብሶ። በክረምት አትሂዱ አልልም፤ ስለ ጭቃው ግን ያንን ነጭ ስኒከር ጠይቁት።

የስኒከሩ ልጅ ትናንት ደወለልኝ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ መዝግበኝ አለ። ጫማ ገዝቷል፣ ጥቁር። «12 ሰዓት አየር ጤና» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ብሎ ጠየቀኝ።