ሐይቅ ሄዶ ባዶ እጅ መመለስ፦ ችግሩና መፍትሄው

ወሎ ያለው፣ ስሙም «ሐይቅ» የሆነው ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቅዳሜ ማለዳ ሚኒባስ ይዞ፣ መንጠቆ ጥሎ፣ ማታ ለመመለስ ይመቻል። ከኮምቦልቻ ለሚነሳ ትንሽ ይርቃል እንጂ እሱም ያው ነው። ዓሣ በመንጠቆ ማጥመድ የጀመሩ ጓደኞቼ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ስለሆነ እዚህ ልጻፈው።

ሊጡ ይበላል፣ ዓሣው አይያዝም

መንጠቆው ላይ ሊጥ ሰክታችሁ ትጥላላችሁ። ክሩ ላይ ያሰራችሁት ተንሳፋፊ ቡሽ ይንቀጠቀጣል። ስትስቡት መንጠቆው ባዶ ነው። ደግማችሁ ትጥላላችሁ፣ አሁንም ባዶ። ከሁሉም በላይ የሚያናድደው ይሄ ነው። እኔን አንድ ሙሉ ክረምት አሰቃይቶኛል።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የመንጠቆው መጠን ነው። ሐይቅ ላይ በብዛት የሚያዘው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው፤ ቆሮሶ ደግሞ አፉ ትንሽ ነው። ሊጡን ከዳር ከዳር እየቆነጠረ ይጨርሰዋል እንጂ መንጠቆውን አብሮ አይውጠውም። እኔ ገበያ ላይ ያገኘሁትን ትልቁን መንጠቆ ይዤ ነበር የምመላለሰው። አንድ ቀን አጠገቤ ታንኳቸውን የሚያስሩ አባት መንጠቆዬን መዳፋቸው ላይ አድርገው ገልበጥ ገልበጥ እያደረጉ አዩት። «ልጄ፣ ይሄ እኮ የአምባዛ ነው» አሉኝ፤ አምባዛ አፈ ሰፊው ጢማም ዓሣ ነው። ከዚያ ከኮፍያቸው ጠርዝ ላይ የትንሿን ጣቴን ጥፍር የምታክል መንጠቆ ነቅለው ሰጡኝ። «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ» ብዬ ወረወርኩ። ሳልቀመጥ ያዘ።

ስለዚህ መንጠቆውን አሳንሱ። ሊጡም አተር ካከለ ይበቃል። ጠንከር አድርጋችሁ አቡኩት፤ አድቦልቡላችሁ ፈላ ውሃ ውስጥ ለሁለት ደቂቃ ብትቀቅሉት ደግሞ ውሃ ውስጥ ቶሎ አይሟሟም። የመንጠቆው ጫፍ ሊጡ ውስጥ ተቀብሮ አይቅር፣ ትንሽ ብቅ ይበል። ቡሹ ሲንቀጠቀጥ አትሳቡ። ዓሣው እየቀመሰ ነው። ወደ ጎን መንሸራተት ወይም መስጠም ሲጀምር ያኔ ሳብ።

ቀኑን ሙሉ የሚነካ የለም

መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ዓሣው ከዳር ይርቃል። ከንጋት እስከ ረፋድ፣ ከዚያም ከ10 ሰዓት በኋላ ሞክሩ።

ቀጥሎ ጥልቀቱ። ሐይቅ ጥልቅ ነው፣ መሀሉ ከ80 ሜትር ያልፋል። ብዙ ሰው «ትልቁ ዓሣ ታች ነው» ብሎ ክሩ ላይ የእርሳስ ክብደት ጨምሮ ያሰምጠዋል። እንዲህ ያለ ጥልቅ ውሃ ግን ታችኛው ክፍሉ ኦክስጅን ያንሰዋል። ቆሮሶው ሣርና ቄጠማ ባለበት ዳር፣ ብርሃን በሚደርስበት ውሃ ነው የሚመገበው። ቡሹን ከመንጠቆው አንድ ሜትር ወይም አንድ ሜትር ተኩል ላይ አስራችሁ ጀምሩ።

ሐምሌና ነሐሴ ሌላ ጣጣ አለ። ጎርፍ ሲገባ ውሃው ይደፈርሳል፣ በዓይኑ የሚፈልግ ዓሣ ሊጣችሁን አያየውም። ከአርዲቦ ሐይቅ የሚመጣው ወንዝ ከሚገባበት ራቅ ብላችሁ ጥርት ያለ ውሃ ፈልጉ። አምባዛ ከፈለጋችሁ ግን ተቃራኒውን አድርጉ። አምባዛ በጢሙና በማሽተት ስለሚፈልግ ድፍርሱ አያግደውም። ወፍራም የምድር ትል ሰክታችሁ፣ ሲመሽ፣ ከውሃው ሥር መሬቱ ላይ አሳርፉለት።

ክሩ ቋጠሮው ላይ ይበጠሳል

ናይለን በደረቁ ሲጠብቅ ይግላል፣ ይደክማልም። አምስት ስድስት ጊዜ ጠምዝዙ፣ በምራቅ አርጥቡ፣ ቀስ ብላችሁ አጥብቁ። ፀሐይ ላይ የከረመ ክር ከሆነ ጣሉት፣ አይረባም። ቁራጩን ግን ዳር ላይ አትተዉት፤ የወፍ እግር ይተበትባል።

ቤት ሲደርስ ለስልሶ ይሸታል

ዓሣውን ያበላሸው ፌስታሉ ነው። ሙቀት አፍኖ ይይዛል። እንደያዛችሁ ወዲያው ሆድ ዕቃውንና ጉሮሮው ላይ ያለውን ቀዩን ስንጥብ አውጡ፣ እጠቡ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለና ሞቃት ስለሆነ ወደዚያ የምትወርዱ በረዶ ያዙ። ያለ በረዶ እኔ አልሞክረውም።

ከአፉ ጥቃቅን ዕንቁላል ይፈስሳል

ይህን ያየ ጀማሪ በሽታ ይመስለዋል። በሽታ አይደለም። የቆሮሶ እናት ዕንቁላሏንም ጫጩቶቿንም አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው። በዚያ ጊዜ እምብዛም ስለማትበላ መንጠቆ ላይ የምትገኘው አልፎ አልፎ ነው። ስትገኝ ግን እጃችሁን አርጥባችሁ ያዟት፤ የጀርባዋ እሾህ እንዳይወጋችሁ ክንፉን ከጭንቅላቷ ወደ ጭራዋ አስተኙት። መንጠቆውን ቀስ ብላችሁ አውጡና ከውሃው ሳታርቋት ልቀቋት።